ከማኅበር የወጣ ቡድን ግጥሚያ ከየት ያገኛል?

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ በአሜሪካ በዩታ ግዛት የሚገኘው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ከማኅበሩ በመለየቱ የደረሰበትን ችግር ነው። ቡድኑ በ2011 እ.ኤ.አ. ማውንቴን ዌስት ከተባለው ኮንፈረንስ ወጥቶ ራሱን ቻለ። በዚህም ጨዋታዎቹን በቴሌቪዥን ለማሳየት ለብቻው የመዋዋል መብት አገኘ።

ይሁን እንጂ ኮንፈረንስ ለአባሎቹ በየዓመቱ 8 ወይም 9 ግጥሚያ ሲያዘጋጅላቸው፣ ብቻውን የቆመ ቡድን 12ቱንም በየውሉ መፈለግ አለበት። ከሴፕቴምበር በኋላ ደግሞ የየኮንፈረንሱ አባሎች እርስ በርሳቸው ስለሚጋጠሙ ክፍት ቀን ያለው ቡድን ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ድካም በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ ግልጥ ሆነ። ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች በገዛ አባሎቻቸው ብቻ በመወሰናቸው ከዩታ፣ ከሚሺጋን ስቴትና ከስታንፎርድ ጋር የተያዘው ቀጠሮ ፈረሰ። ነገር ግን ቡድኑ ማንንም ሳያስፈቅድ ሌላ ተጋጣሚ ለመፈለግ ቻለ። ከኮስታል ካሮላይና ጋር በጥቂት ቀን ውስጥ ተስማምቶ ዲሴምበር 5 ቀን ተጫወተና 22 ለ17 ተሸነፈ። በዚያ ዓመት 11 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው ይህን አንዱን ብቻ ነው።

በ2023 ቡድኑ ቢግ ትዌልቭ ወደተባለው ኮንፈረንስ ገባ። ከዚህ የምንረዳው፣ ነፃነት ገቢን ለብቻ ለመያዝ ቢያስችልም ግጥሚያ ግን ያለ ሌላው ፈቃድ የማይገኝ መሆኑን ነው።