የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል

ተማሪ ሳለሁ የታሪክ መምህራችን ስለ ካርቴጅ ሲያስተምሩን ትምህርቱን የዘጉት በጨው ነበር። ሮማውያን ከተማዋን አቃጥለው፣ ምድሯን አርሰው፣ ሣር እንኳ እንዳይበቅልባት ጨው ዘሩባት አሉን። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ይህችን ታሪክ ለስንቱ ስተርካት ኖርኩ። በቀደም ለልጄ ብነግራት፣ “አባዬ፣ የት ነው የተጻፈው?” ብላ አፋጠጠችኝ። እሷን ለመርታት መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ። ተረታሁ።

ካርቴጅ ከሦስት ዓመት ከበባ በኋላ የወደቀችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ነው። ፖሊቢየስ የተባለው ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ከሮማዊው ጄኔራል ከሲፒዮ ጋር ሆኖ ስትቃጠል አይቷል። አፒያን ደግሞ ቆይቶ ዝርዝሩን ጽፏል፤ ከቢርሳ ኮረብታ 50 ሺህ ሰው እጁን ሰጥቶ መውጣቱን ሳይቀር። ስለ ጨው ግን አንድም የጥንት ጸሐፊ ትንፍሽ አላለም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 አቤሜሌክ ሴኬም ላይ ጨው መዝራቱ ተጽፏል፤ ምናልባት ወሬው ከዚያ ተሻግሮ ይሆናል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ትልልቅ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ተቀመጠ። ሮማውያን ራሳቸው እኮ በኋላ ከተማዋን መልሰው ገንብተው የአፍሪካ ግዛታቸው መዲና አድርገዋታል!

ታዲያ ምን ይጠበስ? ትሉኝ ይሆናል። እኔን የቆጨኝ ጨው ጨው ስንል የረሳነው ነገር ነው። ፕሊኒ እንደጻፈው፣ የሮም ሴኔት የካርቴጅን ቤተ መጻሕፍት ለአፍሪካ ነገሥታት አከፋፈለው። ወደ ላቲን እንዲተረጎም ያዘዘው ማጎ የተባለው ሰው ስለ እርሻ የጻፈውን 28 ጥራዝ ነበር። እሱም ቢሆን ሌሎች ከጠቀሱት ቁርጥራጭ በቀር ጠፍቷል። ሃኒባልን ዛሬ የምናውቀው በጠላቶቹ ብዕር ነው።

የሚገርመው፣ ሕዝቡ ለጆሯችን ያን ያህል ባዕድ አይደለም። ከተማቸውን “ቀርት ሐደሽት” ይሏት ነበር፤ አዲስ ከተማ ማለት ነው። “ሐደሽት” ከእኛው “ሐዲስ” ጋር አንድ ሥር አለው። የሃኒባል ስም መጨረሻ “በዓል” የአምላካቸው ስም ሲሆን፣ “ባለቤት” ስንል የምንጠራው ያንኑ ቃል ነው።

ግን የወደቀ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። በ1921 እ.ኤ.አ. በካርቴጅ የተቃጠሉ ሕፃናት ዐፅም የያዙ ማሰሮዎች ያሉበት ስፍራ ተገኘ። የግሪክና የሮም ጸሐፊዎች ካርቴጃውያን ልጆቻቸውን ይሠዋሉ ብለው ይከሷቸው ነበር። ከሊቃውንቱ ከፊሉ ክሱ እውነት ነው ሲል፣ ከፊሉ በሕመም የሞቱ ሕፃናት መቃብር ነው ይላል። ክርክሩ አልተዘጋም። እነዚያ መጻሕፍት ቢኖሩ ግን ቢያንስ የተከሳሹን ቃል እንሰማ ነበር።

በ1985 እ.ኤ.አ. የሮምና የካርቴጅ ከንቲባዎች ከ2100 ዓመታት በላይ የዘገየውን የሰላም ውል ፈረሙ። መልካም ነው። መጻሕፍቱን ግን ማን ይመልስ?

ለልጄ፣ “ጨው አልተዘራም” አልኳት። “ታዲያ ለምን ታወራ ነበር?” አለችኝ። ወሬው ስለጣፈጠኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያች ዛፍ ላይ የራሴን ምሣር ሳነሣ እንደኖርኩ ያን ዕለት ገባኝ።