የማሰብና የመፍረድ ግሦች ከእስፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለሱ

እንግሊዝና እስፓንያ በጦርነት ላይ ሳሉ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1591 ዓ. ም.፥ ሪቻርድ ፐርሲቫል የተባለ እንግሊዛዊ የእስፓንኛን ሰዋስው ከእስፓንኛ፥ ከእንግሊዝኛና ከላቲን መዝገበ ቃላት ጋር አጣምሮ በሎንዶን አሳተመ። በ1599 ደግሞ ጆን ሚንሹ ይህንኑ መዝገብ አስፍቶ፥ ከእንግሊዝኛ ወደ እስፓንኛ የሚመራውንም ክፍል ጨምሮ አወጣው። የጠላትን ቋንቋ ማወቅ ለመንግሥትም ለነጋዴም የሚጠቅም ነበርና እንዲህ ያለው መጽሐፍ ፈላጊ አላጣም። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው የአንዱን ቋንቋ «ፈረስ» በሌላው ቋንቋ «ፈረስ» አንጻር ለማኖር አይቸገርም፤ ፈረሱ ቆሞ ይታያልና። የማሰብና የመፍረድ ግሦች ግን የሚያመለክቱት ነገር በሰው ልብ ውስጥ ያለ ስለ ሆነ፥ ትክክለኛነታቸውን በዐይኑ አይቶ የሚመሰክር የለም።

እስፓንያዊው «አስባለሁ» የሚልበት «ፔንሳር» የተባለው ግሥ ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጕሙ መመዘን ነው። ከዚያው ሥር የወጣ «ፔሳር» የሚባል ወንድም አለው፤ እርሱም እስከ ዛሬ ድረስ መመዘንን፥ ደግሞም ልብን የሚያከብድ ኀዘንን ይገልጣል። በአማርኛም ቢሆን «አሰበ» ከግእዙ «ሐሰበ»፥ ማለት «ቈጠረ» ከሚለው ጋር አንድ ዘር ነው፤ ሚዛኑ ደግሞ «አመዛዘነ» በሚለው ቃል ውስጥ ይገኛል።

የእንግሊዝኛው ታሪክ ከዚህ ይለያል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ በድምፅ እጅግ የሚቀራረቡ ሁለት ግሦች ነበሩ፤ አንደኛው ማሰብን፥ ሁለተኛው መምሰልን ያመለክት ነበር። በዘመን ብዛት ድምፃቸው ተደባልቆ አንድ ሲሆን፥ የመምሰሉ ግሥ በራሱ መቆም ተሳነው። ቢሆንም «ሚቲንክስ» በሚለው ቃል ውስጥ ተሸሽጎ ብዙ ዘመን ኖረ። ይህ ቃል ለሚሰማው «እኔ አስባለሁ» ከሚለው ጋር ዝምድና ያለው ቢመስልም፥ ፍቺው በቀጥታ «ይመስለኛል» ነው።

የእስፓንኛው «ሜ ፓሬሴ» ከዚህ ቃል ጋር አቻ ለአቻ ይገጥማል። የግሡ ባለቤት ነገሩ ነው፤ ሰውየው ነገሩ የሚታየው ተቀባይ እንጂ አድራጊ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ «ይመስለኛል» በሚለው ቃል ውስጥ ተናጋሪው በተሳቢነት ብቻ እንደሚገኝ ያውቃልና። እስፓንያውያን ይህን ግሥ ደካማ አድርገው አልቈጠሩትም። «ፓሬሴር» ስም ሆኖ ሲነገር «አስተያየት» ማለት ሲሆን፥ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የሕግና የሃይማኖት ሊቃውንት ለንጉሡና ለምክር ቤቶቹ በጽሑፍ የሚያቀርቡት የፍርድ ሐሳብ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። የመምሰል ግሥ እንዲህ ካለ ማዕርግ ላይ መድረሱ ያስደንቃል፤ ሊቁ ስለ ሰው ርስት ወይም ስለ ሕዝብ ነጻነት ሲፈርድ የወረቀቱ ስም «የመሰለኝ» እንደ ማለት ነው፥ ቃሉ ግን የጥርጣሬ ቃል አልነበረም።

ቶማስ ሼልተን የሴርቫንቴስን «ዶን ኪሆቴ» የመጀመሪያ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1612 አሳተመ። ሥራውን በ40 ቀን እንደ ፈጸመው ራሱ ጽፏል። ይህ ችኰላ በብዙ ስፍራ ጐድቶታል፤ የላቲን ዘር ያለውን የእስፓንኛ ቃል በድምፅ በሚመስለው የእንግሊዝኛ ቃል እየተካ ያልፍ ነበርና። በ«ሜ ፓሬሴ» በኩል ግን ዕድል ቀንታዋለች። ሎሌው ሳንቾ ጌታውን ለመምከር ሲከጅል ንግግሩን በዚህ ግሥ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። ሎሌ ለጌታው «እኔ እንዲህ አስባለሁ» ቢል ድፍረት ይሆንበታል፤ «እንዲህ ይመስለኛል» ሲል ግን ምክሩን ከራሱ አርቆ በነገሩ ላይ ስለሚያኖረው የጌታውን ክብር አይነካም። በሼልተን ዘመን «ሚቲንክስ» በሕዝብ አፍ የሚነገር ሕያው ቃል ስለ ነበረ፥ ይህ ጥንቃቄ አንዳች ሳይጐድልበት ወደ እንግሊዝኛ ሊሻገር ይችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከዕለት ንግግር እየራቀ የግጥምና የቧልት ቃል ሆነ። የ20ኛው መቶ ዘመን ተርጓሚ ቢጽፈው ሳንቾን የአሮጌ ቴያትር ሰው ያስመስለዋል። ስለዚህ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው። «እኔ አስባለሁ» ቢል ተቀባዩን አድራጊ ያደርገዋል፤ መምሰልን የሚገልጠውን ረዘም ያለ አነጋገር ቢመርጥ ደግሞ በእንግሊዝኛ ጆሮ ተናጋሪው የሚያመነታ ሆኖ ይሰማል። ከሁለቱ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ጕዳት የለበትም ማለት ግን አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኧርምሰን በ1952 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ «እኔ አስባለሁ» እንዲህ ባለ ስፍራ ሲነገር በአእምሮ ውስጥ ስለሚካሄድ ሥራ አይናገርም፤ ሰሚው የተነገረውን ነገር ምን ያህል አምኖ ሊቀበለው እንደሚገባ ያመለክታል። እንግዲህ ተርጓሚው ሲስት የሚያዛባው ነገሩን ሳይሆን የነገሩን መታመኛ ነው።

እስፓንኛ ይህን መጠን በሚከተለው ግሥ አንቀጽም ይለየዋል። «ይመጣል ብዬ አምናለሁ» ሲባል ተከታዩ ግሥ በዋናው አንቀጽ ይቆማል፤ «ይመጣል ብዬ አላምንም» ሲባል ግን የግእዝ መምህራን ዘንድ አንቀጽ ከሚሉት ጋር ወደሚቀራረብ መልክ ይለወጣል። በ«ፓሬሴር» ላይ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል፤ «የሚመጣ ይመስለኛል» በሚለው ዋናው አንቀጽ ይገባል፥ «መምጣቱ መልካም ይመስለኛል» በሚለው ግን ዘንድ አንቀጽ ይገባል። የመጀመሪያው ማሰብ፥ ሁለተኛው መፍረድ ነው፤ ግሡ አንድ ሲሆን ድንበሩን የሚያሳየው ተከታዩ ነው። ከ1810 እስከ 1829 በሎንዶን የኖረው የካራካስ ተወላጅ አንድሬስ ቤዮ፥ በ1847 በቺሌ ባሳተመው ሰዋስው አንቀጹን የሚወስነው ገዢው ቃል መሆኑን አስረድቷል፤ ማወቅና ማረጋገጥ አንዱን፥ መጠራጠርና መመኘት ሌላውን ይስባሉ። እንግሊዝኛ ይህን መለያ አብዛኛውን ስለ ጣለው ሸክሙ ሁሉ በገዢው ግሥ ላይ ወድቋል።

ነገሩ በልብ ወለድ መጻሕፍት ብቻ ቢወሰን ኖሮ የሊቃውንት ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር። በተባበሩት አሜሪካ ግን ብዙ እስፓንኛ ተናጋሪዎች በፍርድ ቤት የሚቆሙት በአስተርጓሚ ነው። በ1970 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፥ እንግሊዝኛ የማያውቅ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ በኒው ዮርክ ግዛት በነፍስ ግድያ ሲፈረድበት በእንግሊዝኛ የተሰጠውን የምስክርነት ቃል በአጭር በአጭሩ ብቻ እንደ ሰማ ተመልክቶ፥ ፍርዱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ ወሰነ። በ1978 የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚዎች ሕግ ወጣ። ሱዛን በርክ ሰሊግሰን በፍርድ ቤቶች ተገኝታ የአስተርጓሚዎችን ንግግር በድምፅ መቅጃ ይዛ በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፥ አስተርጓሚዎች «ይመስለኛል»ን የመሳሰለ የማለዘቢያ ቃል ምስክሩ ሳይናገረው እንደሚጨምሩ፥ የተናገረውንም እንደሚተዉ አሳየች።

በ1991 ደግሞ ከኒው ዮርክ የመጣ ክርክር በከፍተኛው ፍርድ ቤት ታየ። ዐቃቤ ሕጉ እስፓንኛ ዐዋቂ የሆኑ ሰዎችን ከጁሪ አስወጥቶ ነበር፤ ምክንያቱም የአስተርጓሚውን ቃል ብቻ ተቀብለው መፍረዳቸውን ስለ ተጠራጠረ መሆኑን ገለጠ። ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ተቀበለው። መዝገቡ የሚይዘው እንግሊዝኛውን ነው፤ በጁሪ ወንበር የተቀመጠው ሰው ምስክሩ «ሜ ፓሬሴ» ሲል በገዛ ጆሮው ቢሰማም፥ ፍርዱን የሚሰጠው አስተርጓሚው በመረጠው ግሥ ነው።