የዘይት ምስክሮች

ምስክር የሚጠየቀው ስለሚያውቀው ጉዳይ ብቻ ነው። ይህ የሕግ ትምህርት ለምግብ ዘይት ምርመራም ይሠራል ባይ ነኝ። «በላቦራቶሪ ተመርምሯል» የሚል ወረቀት ሲቀርብልኝ የምጠይቀው «በየትኛው ዘዴ?» ብዬ ነው።

የኑግ ዘይትን እንውሰድ። የአሲድ ቁጥርና የፐርኦክሳይድ ቁጥር የሚባሉት ልኬቶች የሚመሰክሩት ስለ ዘይቱ ጤንነት ነው። የመጀመሪያው ከዘይቱ የተላቀቀውን ፋቲ አሲድ ይለካል፤ ሁለተኛው ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ መበላሸት መጀመሩን ያሳያል። ሆኖም ያልተበላሸ የፓልም ዘይት «ኑግ ነው» ተብሎ ቢቀርብ ሁለቱንም ሊያልፍ ይችላል።

ስለ ማንነቱ የሚመሰክሩት ሌሎች ናቸው። አንዱ የአዮዲን ቁጥር ሲሆን፣ 100 ግራም ዘይት ስንት ግራም አዮዲን እንደሚቀበል ይናገራል። የፓልም ዘይት ከ50 እስከ 55 ሲሆን ኑግ ከ120 በላይ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚዘረዝረው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው። ጄምስና ማርቲን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1952 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት በዚህ ዘዴ፣ የዘይቱ ፋቲ አሲዶች በቀላሉ ወደሚተን ውህድ ከተለወጡ በኋላ በጋዝ እየተገፉ በረጅም ቀጭን ቱቦ ያልፋሉ፤ እያንዳንዱም በየተራው ወጥቶ ይቆጠራል። ከፓልም ዘይት ፋቲ አሲዶች ከመቶ 44 ያህሉ ፓልሚቲክ አሲድ ነው፤ በኑግ ውስጥ ግን ይህ አሲድ ከመቶ 10 አካባቢ ሲሆን የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ስለዚህ ፓልም በብዛት ከተቀላቀለ ይታወቃል።

የሱፍ ዘይት ቢቀላቀልስ? እሱም ሊኖሌይክ አሲድ ስለሚበዛው ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ። ያኔ ሦስተኛ ምስክር፣ ማለትም የስቴሮሎች ምርመራ ያስፈልጋል።

መርማሪ ያልፈለገውን ሊያገኝ እንደማይችልም ልብ እንበል። በ1981 እ.ኤ.አ. በስፔን ለኢንዱስትሪ ተብሎ አኒሊን የተጨመረበት የሬፕሲድ ዘይት ለምግብነት ተሸጦ ከ300 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከ20,000 ያላነሱም ታመዋል። ፋቲ አሲድ የሚቆጥር ምርመራ ዘይቱ የሬፕሲድ መሆኑን ቢናገር እንኳ አኒሊኑን አያጋልጥም።

የናሙናውም አወሳሰድ ቀላል ነገር አይደለም። የፓልም ዘይት ሲቀዘቅዝ የረጋው ክፍል ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ሳይበጠበጥ ከበርሜሉ አፍ የተቀዳ ናሙና በርሜሉን አይወክልም።

ስለዚህ ዘዴው ያልተጻፈበት፣ ናሙናው እንዴት እንደተወሰደና በማን እጅ እንዳለፈ የማይገልጽ የምርመራ ወረቀት፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለእኔ ስሙ እንዳልታወቀ ምስክር ነው። ነጋዴን በእንዲህ ያለ ወረቀት መወንጀልም ሆነ ነፃ ማውጣት ፍትሕ አይሆንም።