ጋሻና የራስ ቁር

ቆቦ በሚገኘው የአያቴ ቤት፣ ከመደቡ በላይ፣ አንድ አሮጌ ጋሻ ተሰቅሎ ነበር። ቆዳው ከዘመን ብዛት ጠቁሮ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ የውስጥ እጀታው በእጅ ወዝ ለስልሷል። ልጅ ሳለሁ ከሁሉ አብልጬ የምወደው በጋሻው ፊት ላይ ያሉትን ጭረቶች መቍጠር ነበር። አያቴ እያንዳንዱን ያውቁታል። «ይኼ የጥምቀት ጉግስ ነው፤ ይኼ የእገሌ ሠርግ ነው፤ ይኼን ደግሞ አማቼ ናቸው የወረወሩብኝ» ይሉኝና፣ በመጨረሻ መላጣቸውን በመዳፋቸው እየዳበሱ «ይህ ሁሉ እዚህ ላይ ሊያርፍ የነበረ ነው» ብለው ይስቁ ነበር።

ያን ሣቅ ለመረዳት ብዙ ዓመታት ፈጀብኝ። ዛሬ ስለ ሞተር ብስክሌት ውድድርና ስለ መከላከያ ልብስ ታሪክ ልጽፍ ስነሣ ከአያቴ ጋሻ መጀመሬም ስለዚህ ነው።

የቆቦን ሜዳ ያየ ሰው ስለ ፍጥነት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ከወልዲያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ተራራውን ጨርሶ ቁልቁል ሲወርድ፣ በምዕራብ የላስታ ሰንሰለት፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ እንደ ግድግዳ ቆመው፣ በመካከላቸው የማሽላና የጤፍ አገር ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ጎብዬን፣ ሮቢትን፣ ቆቦን፣ ዋጃን አልፎ አላማጣ የሚደርሰው አውራ ጎዳና በዚህ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የተሰመረ ነው። ከአላማጣ በኋላ ግን የግራካሱ ዳገት ይቀበለዋል፤ መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ደጋው ይወጣል። አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ ጋር ያገናኘውን ይህን አውራ ጎዳና ለመኪና ያበጀው ጣልያን በወረራው ዘመን ነበር፤ የሠራውም ለጦሩ ነው። በጦር የተጀመረው መንገድ ጦር አልተለየውም፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የተነሣውና እስከ 2015 ዓ.ም. ጥቅምት የዘለቀው ጦርነትም በዚሁ ሜዳ ላይ ተመላልሷል።

እኛ ግን በልጅነታችን የምናውቀው ቀጥ ያለ አስፋልት መሆኑን ብቻ ነበር። ሦስት ጓደኛሞች ነበርን፤ ሦስታችንም ሞተር ነበረን። እሑድ ማለዳ፣ የጭነት መኪናው ሳይበዛና ፀሐይዋ ሳትከር፣ ከከተማው ዳር ተነሥተን እስከ ዋጃ እንሽቀዳደም ነበር። ዳኛ የለን፣ ሰዓት የለን፣ ሽልማታችን ተሸናፊው የሚጋብዘው ቁርስ ነው። ለሞተሮቻችንም ስም አውጥተንላቸው ነበር። ይህንን ከማንም አልተማርነውም፤ የአገሩ ልማድ ነው። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም አይደለምን? እኔም ሰማንያ ሲሲ በማትሞላ አሮጌ ሞተር ላይ ተቀምጬ ራሴን ከእነዚያ ወገን እቈጥር ነበር።

አንድ የራስ ቁር ነበረኝ። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የላከልኝ፣ አገጭን ጭምር የሚሸፍን፣ ባለ መስተዋት። ግን አላደርገውም ነበር። የቆቦ ሙቀት አንዱ ምክንያት ነው፤ ትልቁ ምክንያት ግን ኩራት ነው። ብዙ ጊዜ በክርኔ ላይ አንጠልጥዬው እሄዳለሁ፤ የትራፊክ ፖሊስ ሳይ ብቻ ጭንቅላቴ ላይ ጣል አደርገዋለሁ። አንባቢዬም በየከተማው እንዲህ ያለ ክርኑን ከአደጋ የሚጠብቅ ሞተረኛ ሳያይ አልቀረም።

አንድ እሑድ ጓደኛዬ፣ ከሦስታችን ፈጣኑ፣ «ዛሬ ቁሩን አውሰኝ» አለኝ። ለምን እንደጠየቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔም ሣቅሁበት። «ፈረሰኛ ራሱን ይሸፍናል እንዴ?» አልሁት። እርሱም ሣቀ፤ ተነሣንም። ዋጃ ሳንደርስ ከማሽላው መካከል ፍየሎች ወደ አስፋልቱ ገቡ። እነርሱን ሸሽቶ ሲታጠፍ ወደቀ። ቁሩ በእኔ ክርን ላይ ነበር።

አልሞተም። ዛሬም ቆቦ ውስጥ አለ፤ ሳገኘው ፈገግ ይልልኛል። ነገር ግን ቅኔና ግጥም በቃሉ እየወጣለት ትምህርት ቤቱን ያስደንቅ የነበረው ያ ልጅ ዛሬ ጠዋት የበላውን ከሰዓት በኋላ አያስታውስም።

ከዚያ ወዲያ ነው ማንበብ የጀመርሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። በዓለም ስመ ጥር የሆነው የሞተር የመንገድ ውድድር በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው በማን ደሴት እ.ኤ.አ. በ1907 ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ ለራሳቸው ከጨርቅ ቆብ የተሻለ ነገር አልነበራቸውም። በብሩክላንድስ የመሮጫ ሜዳ ሐኪም የነበረ ኤሪክ ጋርድነር የሚባል ሰው የወደቁ ሞተረኞች ራስ ሲጎዳ ዘወትር ያያልና፣ ከሸራና ከሙጫ ጠንካራ ቁር አሠራ። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ ተቃውመውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ግን በማን ደሴት ውድድር ላይ ግዴታ ሆነ። ተወዳዳሪዎቹ በፈቃዳቸው ቢሆን ኖሮ ያደርጉት ነበርን? እኔ ራሴን አውቃለሁና አይመስለኝም።

ሁለተኛው ታሪክ የሎሬንስ ነው። «የዓረቢያው ሎሬንስ» የተባለው ያ እንግሊዛዊ ወታደርና ጸሐፊ ሞተር ወዳድ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 በዶርሴት ገጠር ባለ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ፤ ራሱን ሳያውቅ ስድስት ቀን ቆይቶ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለ የአእምሮ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ኬርንስ ሐዘኑን ወደ ሥራ ለወጠው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ሠራዊት ሞተረኛ መልእክተኞችን ጉዳት መረመረ፤ ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1941 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳተመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የብሪታንያ ጦር ሞተረኞቹ ሁሉ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። ለሲቪሉ ሕዝብ ሕጉ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከሎሬንስ ሞት እስከዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት!

ፍየልን ሸሽቶ የወደቀውን ጓደኛዬንና ልጆችን ሸሽቶ የወደቀውን ሎሬንስን ሳስብ፣ ሁለቱንም ለውድቀት የዳረጋቸው ለሌላው ነፍስ መራራታቸው እንደነበረ አያለሁ።

ቁሩ ራስን የሚያድንበት ምሥጢር ከጥንካሬው ብቻ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። ራስ ከአስፋልት ጋር ሲጋጭ ቅሉ በቅጽበት ይቆማል፤ አንጎል ግን በቅሉ ውስጥ ጉዞውን ይቀጥላልና ከገዛ ቤቱ ግድግዳ ጋር ይላተማል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሎምባርድና ሮት የተባሉ አሜሪካውያን የፈጠራ መብት ያገኙበት ቁር ይህንን መለሰ። ከውጭ ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ ከውስጥ ደግሞ ሲመታ የሚጨፈለቅ አረፋ መሰል ሽፋን። አረፋው እየተጨፈለቀ የራሱን መቆም በጥቂት የሰከንድ ክፋዮች ያዘገየዋል። በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ልዩነት ያች መዘግየት ናት። የተጨፈለቀው አረፋ ግን አይመለስም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ክፉኛ የተመታ ቁር፣ ላዩ ደኅና ቢመስልም፣ ሥራውን ጨርሷል። የተለያዩ ጥናቶችን ያሰባሰቡ ተመራማሪዎች ቁር የሞትን አደጋ በ42 ከመቶ፣ የራስን ጉዳት በ69 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

የልብሱም ታሪክ እንዲሁ የቆዳ ታሪክ ነው። አስፋልት ጨርቅንና ሥጋን እንደ ሞረድ ይፍቃል፤ ወፍራም ቆዳ ግን ይታገሠዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 ጄፍ ዱክ የተባለው እንግሊዛዊ ተወዳዳሪ ላይና ታቹ ያልተነጠለ አንድ ወጥ የቆዳ ልብስ በልብስ ሰፊ አሠርቶ ለበሰ፤ ነፋሱን እንዲቀንስለት ብሎ ያሠራው ልብስ የውድድሩ ዓለም ሁሉ ልብስ ሆነ። ዛሬ በታላቁ የዓለም ሻምፒዮና የሚወዳደሩት ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ሲወድቁ በቅጽበት በአየር የሚነፋ ልብስ የመልበስ ግዴታ አለባቸው። ይህን ሳነብ የአያቴ ጋሻ ታወሰኝ። የጎሽ ቆዳ፣ የጉማሬ ቆዳ፣ የበሬ ቆዳ! አባቶቻችንም ገላቸውን ለአውሬ ቆዳ አደራ ሰጥተው ነበር።

ከአደጋው በኋላ አያቴ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ስነግራቸው ረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ጓደኛህን ምን አልኸው አልህ?» ብለው ጠየቁኝ። ደገምሁላቸው፦ ፈረሰኛ ራሱን ይሸፍናል እንዴ። አያቴ ወደ ግድግዳው አመለከቱ።

«ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ያለ ጋሻ ጉግስ የሚገባ ሰው ጀግና አይባልም ነበር፤ ያልተመከረ ይባላል። ሳዱላ ልጆች ይሥቁበታል። የሚሸሸው ወገን ዘንጉን በጋሻው እየመከተ ነው ጥበቡ የሚታየው። ባይመክት ኖሮ ጨዋታው አንድ ጥምቀት ብቻ ነበር የሚቆየው፤ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይመጣል?»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። እኔ የአባቶቼን ጀግንነት የተከተልሁ እየመሰለኝ ግማሹን ብቻ ነበር የያዝሁት፤ ፈረሱን ወስጄ ጋሻውን ግድግዳው ላይ ትቼዋለሁ። ቋንቋችን እንኳ ሊያስተምረኝ ይችል ነበር። ታላቅ ወንድማችንን «ጋሼ» እንለዋለን፤ ጋሻዬ ማለታችን ነው። ለወታደር ይሰጥ የነበረውን፣ ወደ አርባ ሄክታር የሚጠጋውን መሬት «ጋሻ መሬት» ብለን ለክተናል። ልጃችንን «ጋሻው» ብለን ሰይመናል። ጦር ያለ ጋሻ የማይጠራበት ቋንቋ ተናጋሪ ሆኜ ራሴን ያለ ጋሻ ወደ አስፋልት ሰደድሁ። «ራስ» የሚለው ቃልስ ጭንቅላትም፣ ማንነትም፣ ታላቅ ማዕረግም አይደለምን? ራሱን የሸፈነ ሦስቱንም ሸፈነ።

በአገራችንም የመንገድ ትራፊክ ደንብ ሞተረኛ የራስ ቁር እንዲያደርግ ያዝዛል። ነገር ግን ደንቡ የሚጠብቀው ፖሊሱ እስከሚታይበት መታጠፊያ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሜዳ ልማድ ይገዛዋል። ልማድ ደግሞ ከሥቅ ይወለዳል። በቁር የምንሥቅ ከሆነ ቁር በክርን ላይ ይቀራል፤ ያለ ቁር በሚሮጠው የምንሥቅ ቀን ግን፣ የአያቴ ዘመን ሳዱላዎች እንዳደረጉት፣ ልጆቹ ራሳቸው ይለምኑታል።

ሞተር መንዳት አልተውሁም። አንድ የክረምት ማለዳ፣ ሌሊቱን ከደጋው የወረደው ጎርፍ በአስፋልቱ ላይ ባስቀረው አሸዋ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ግራ ጎኔን ተጎተትሁ፤ ራሴም ሁለት ጊዜ መንገዱን መታ። ተነሥቼ አቧራዬን አራገፍሁና በእግሬ ቆምሁ። ከቁሩ የግራ ጎን ላይ ከጆሮዬ እስከ አገጬ የሚደርስ ጥልቅ ጭረት ተሥሎ ነበር።

ያ ቁር ከእንግዲህ አይደረግም፤ አረፋው ሥራውን ጨርሷል። አያቴ በሕይወት የሉም፤ ቤቱ ግን አለ። ቁሩን ወስጄ በጋሻው ጎን ሰቀልሁት። ባለፈው ጊዜ ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ መጥቶ በጣቱ ጭረቱን ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰውና፣ «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ። ከዚያ በፊትም ነግሬው ነበር፤ ነገም ይጠይቀኛል። መዳፌን በራሴ ላይ አድርጌ «ይህ እዚህ ላይ ሊያርፍ የነበረ ነው» አልሁት። እንደ አያቴ ልሥቅ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም።