ፒያሳን ያፈረሳት ዶዘር ብቻ አይደለም

ፒያሳ ከፈረሰች ወዲህ እዚህ ሰፈር (ፌስቡክ ማለቴ ነው) ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ነው የማነበው። አንዱ ያረጀ ፎቶ ለጥፎ "ወይኔ ሰፈሬ" ይላል። ሌላው ደግሞ "ሽታውን ረሳችሁት እንዴ?" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የጋራ መጸዳጃ ቤት ሌሊት በዝናብ ዣንጥላ ይዞ የተሰለፈ ሰው ትዝታ ብቻ አይበቃውም። ሀምሳ ዓመት የኖረችበትን ቤት በቀናት ውስጥ ልቀቂ የተባለች እናት ደግሞ የብስክሌት መንገድ ብቻ አያጽናናትም።

እኔ ግን የታሪክ አስተማሪ ነኝና የሚከነክነኝ ሌላ ጥያቄ ነው። እንዴት በዚህ ፍጥነት? በ2016 ዓ.ም. መጋቢት አካባቢ የተጀመረ ሥራ በሳምንታት ውስጥ ዶሮ ማነቂያን የሚያህል ሰፈር ከካርታ ላይ አነሣው። ሌላ አገር አንድ መንገድ ለማስፋት ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ። ምክንያቱን ባለሥልጣናት ጉልበት ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው አለ። እኔ የምፈልገው ወረቀት ውስጥ ነው። የቦታና የቤት ወረቀት ማን እጅ እንደነበረ ካላወቅን የመሀል ከተማው ታሪክ አይገባንም።

እስቲ ከሥሩ እንነሣ። አዲስ አበባ ስትቆረቆር "ሰፈር" ነበረች፤ ቃሉ ራሱ ይናገራል፣ ሠራዊት የሰፈረበት ማለት ነው። ምኒልክ ግቢያቸውን ኮረብታው ላይ አደረጉ፣ መኳንንቱ ደግሞ በየአቅጣጫው ከነጭፍራቸው ቦታ ተሰጣቸው። ራስ መኮንን፣ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ውቤ፤ የታክሲ ረዳት ዛሬም ስማቸውን ይጠራል። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ትልቁ የአራዳ ገበያ ነበር። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱ ሱቁን የከፈተው እሱን ተጠግቶ ነው። ባለ እጅ የሆነው ሁሉ ሠራተኛ ሰፈር ገባ።

በ1907 (እ.ኤ.አ.) ምኒልክ የከተማውን ቦታ የሚመለከት ደንብ አወጡ። ከዚያ ወዲያ ቦታ ተለክቶ፣ ወረቀት ተጽፎለት፣ የሚሸጥና የሚወረስ ንብረት ሆነ። የጣይቱ ሆቴል የተሠራውም በዚያው ሰሞን ነው። ስለ አራዳ ዘመናዊነት ስናወራ ሆቴሉን፣ ሲኒማውን፣ መኪናውን እንጠራለን። ለእኔ ግን ትልቁ ዘመናዊ ነገር ያቺ ወረቀት ናት። ወረቀቷ የደረሰችው ደግሞ ለጥቂት ሰው ነው። ሌላው በጌታው ቦታ ላይ ጎጆ ቀልሶ ወይም ተከራይቶ ኖረ።

ቀጥሎ የመጣው ጣሊያን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋ ተያዘች። ታዋቂው አርክቴክት ለኮርቡዚየ ለሞሶሎኒ መንግሥት ንድፍ አቅርቦ ነበር፤ ያለውን ከተማ እንደሌለ ቆጥሮ፣ ሰው የማይኖርበት ሜዳ ላይ እንደሚሠራ አድርጎ ነው የሣለው። አልተቀበሉትም። ጉይዲና ቫሌ የሚባሉ ሌሎች ባለሙያዎች ያዘጋጁት ፕላን ግን ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላልና ክፉ ነበር፦ ነጩ እዚህ፣ አበሻው እዚያ። የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ ሥር አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፣ "የአገሬው ገበያ" አሉት በቋንቋቸው። መርካቶ ያ ነው። አራዳው "ፒያሳ" ተባለ። የመንግሥት ሠራተኛ መኖሪያ ቤቶችን የሚሠራው የጣሊያን ድርጅት በምህጻረ ቃል ኢንቺስ ይባል ነበርና "ካዛ ኢንቺስ" ያሉት ሰፈር በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ካዛንቺስም እንደምታውቁት ፈርሷል።

የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጣሊያን በ1933 ወጣ፤ ገበያው ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ጠላት በዘር ለይቶ የሣለውን መስመር እኛው ኖርንበት፣ አሁን ደግሞ "የድሮ ቅርሳችን" እንለዋለን። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ዝም ነው የሚሉት።

የንጉሡን ዘመን ቶሎ ልለፈው። ከእንግሊዝ ፓትሪክ አበርክሮምቢ የሚባል ትልቅ የከተማ ፕላን ባለሙያ መጥቶ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፕላን አዘጋጀ፣ አፍሪካ አዳራሽ ተሠራ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ቆመ። ማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤትም ነበረው። ግን ልብ በሉ፣ በዚያ ምክር ቤት ድምፅ የነበረው የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው ሰው ነው። ወረቀት ካለህ ስለ መንገዱም ስለ ገበያውም ትናገራለህ። ተከራይ ከሆንክ ግን የምትናገረው ለአከራይህ ነው፣ እሱም ከሰማህ!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47። የገጠሩን "መሬት ላራሹ" ሁሉም ያውቀዋል፣ ሰልፉም መፈክሩም በየመጽሐፉ አለ። የከተማውን አዋጅ ግን ማንም አያነሣውም፤ አዲስ አበባን የሠራትም ያፈረሳትም እሱ ሆኖ ሳለ።

አዋጁ ምን አለ? የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ነው፣ ለቦታ ካሣ የለም። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይያዝ፣ ትርፉ ይወረስ። የቤት ኪራይ ይቀነስ፣ የድሃው ደግሞ ይበልጥ፣ እስከ ግማሽ ድረስ። ኪራዩ ከ100 ብር የማይበልጠውን ቤት ቀበሌ ያስተዳድረው፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ይግባ። "የቀበሌ ቤት" የምንለው ነገር የተወለደው እዚህ ጋ ነው።

ያን ቀን የጨፈረውን ሰው አትፍረዱበት። አከራይ ሲፈልግ ዋጋ ይጨምራል፣ ሲያሻው እቃህን ደጅ ያወጣል። በአንድ ቀን ኪራይህ ግማሽ ሆነ፣ የሚያስወጣህም ጠፋ። የነዋሪዎች ማኅበር ተቋቁሞ ትናንት ድምፅ ያልነበረው ተከራይ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆነ። ደርግን በብዙ ነገር እወቅሰዋለሁ፣ ደሙን ማንም አይረሳውም፤ በዚህ አዋጅ ግን ስንት ቤተሰብ መሀል ከተማ ላይ ልጆቹን እንዳሳደገ መካድ አልችልም። ፒያሳን ፒያሳ ያደረጋት እኮ ሀብታሙና ድሃው አንድ አጥር ሥር መኖራቸው ነው። ያን አጥር ያቆየው አዋጅ 47 ነው።

ግን አንድ ነገር አላደረገም። ተከራዩን ባለቤት አላደረገውም። አከራዩ ተለወጠ እንጂ ተከራይነቱ አልቀረም። የትናንቱ አከራይ ግራዝማች እገሌ ነበር፣ የዛሬው መንግሥት ሆነ።

ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል። በጣሪያ ላይ ግን ታየ። እንቁጠረው፦ 20 ብር የነበረ ኪራይ 10 ብር ገባ እንበል። በ1967 አሥር ብር ገንዘብ ነው። ያው አሥር ብር ከአርባ ዓመት በኋላ ማኪያቶ አይገዛም፣ የቀበሌው ኪራይ ግን እዚያው ቆሟል። ቀበሌው በዚህ ገንዘብ ምን ይጠግናል? ተከራዩስ የእሱ ባልሆነ ቤት ላይ ሲሚንቶ ለምን ያፈሳል? ላፍስስ ቢልም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጭቃው ሲረግፍ በላስቲክ ይደፈናል፣ ልጅ ሲያገባ ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ አንድ ክፍል ይቀጠላል። በመጨረሻ አንድ የከተማ ባለሙያ መጥቶ "ይህ ሰፈር ያረጀ ነው፣ መፍረስ አለበት" ይላል። ልክ ነው፣ አርጅቷል። ያረጀው ግን ነዋሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

ከ1983 በኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ ቦታው ግን የመንግሥት ሆኖ ቀጠለ። በ1986 የሊዝ አዋጅ መጣ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። ከዚህ ወዲያ የመሀል ከተማ ቦታ በካሬ ሜትር የሚጫረት ውድ ነገር ሆነ፣ ላዩ ላይ ደግሞ አሥር ብር የሚከፍል ሰው ተቀምጧል። ይሄ ሒሳብ እስከ መቼ ይቆማል? ልደታ ሄደች፣ ባሻ ወልዴ ችሎት ሄደ፣ ውቤ በረሃ ሄደ። ፒያሳ የመጨረሻዋ አይደለችም፣ የመጀመሪያዋም አልነበረችም።

የፍጥነቱ ምሥጢር ይኸው ነው። የግል ባለይዞታ ሲነሣ ካሣና ምትክ ቦታ መከራከሪያ አለው፣ ግምት አነሰኝ ይላል፣ ይግባኝ ይላል። የቀበሌ ቤት ሲፈርስ ግን ባለቤቱ መንግሥት፣ አፍራሹም መንግሥት ነው። ሰው ከራሱ ጋር አይከራከርም። ለነዋሪው የሚሰጠው ምትክ ነው፦ ሌላ የቀበሌ ቤት፣ ወይም ኮንዶሚኒየም ራቅ ብሎ። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ጭምር ካሣ እንዳለ ይጠቅሳል፣ ሳነበው ደስ ብሎኛል፤ እድርና ጎረቤት ዋጋ እንዳለው ሕግ ላይ መጻፉ ቀላል አይደለም። ግን ሕጉ መናገር የሚጀምረው ከባለይዞታው ነው። ዶሮ ማነቂያ ጓሮዋ እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች የምታስረክብ ሴት ባለይዞታ አይደለችም። አዲሱ ቤቷ ሽንት ቤቱ የግሏ ሊሆን ይችላል፣ ደንበኞቿ ግን አብረዋት አልተዛወሩም።

በዚያ መጋቢት የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ወንበሮች እየሳሱ ሄዱ። ግማሹ ቦሌ አራብሳ ገብቶ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እየተነሣ ለሁለት አውቶቡስ ይሰለፍ ነበር፤ ሌላው መልቀቂያ ወስዶ ሄደ። አንዷ ጎበዝ ልጅ "ቲቸር፣ እዚያ ቤታችን ቆንጆ ነው፣ ግን ማንንም አላውቅም" ያለችኝ አይረሳኝም።

የኮሪደር ልማቱን አልጠላውም። አመሻሽ ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስወርድ መብራቱም የእግረኛ መንገዱም ደስ ይለኛል፤ ጋሪ ገፍታ የምትሄድ እናት አይቼ "ይህማ ጥሩ ነው" እላለሁ። የእኔ ጥያቄ የእግረኛ መንገዱ አይደለም። የተነሡት ሰዎች በአዲሱ ቦታ ምን ወረቀት ያዙ? ኮንዶሚኒየሙን ከፍሎ በስሙ ካርታ የሚያገኝ ቤተሰብ ከአያቶቹ ጀምሮ ያላየውን ነገር አየ ማለት ነው። እንደገና የቀበሌ ተከራይ ሆኖ የገባው ግን ወደ 1967 ነው የተመለሰው፣ ቦታው ብቻ ራቀ። ምክር ቤት ስለ ከተማ ውበት ደንብ ሲያጸድቅ የምሰማውን ያህል ስለዚህ ሲከራከር ብሰማ ደስ ባለኝ።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼን። ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የድሮ የቀበሌ ኪራይ ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል ወይም ከ1967 በፊት የተጻፈ የቦታ ወረቀት ካለ ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስምና የቤት ቁጥሩን ሸፍኑት። ዓመተ ምሕረቱና የብሩ መጠን ከታየ ይበቃኛል፤ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ለ11ኛ ክፍል ልጆች ግድግዳ ላይ በዓመት ደርድሬ ላሳያቸው ነው።