ከጦርነቱ በኋላ የወደቁት የፖላንድ አብራሪዎች

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በብሪታኒያ የነበሩት የፖላንድ አየር ኃይል አባላት የአሸናፊው ወገን ወታደሮች ሆነው ሳለ አገር አልባ ሆኑ፤ በ1945 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያልታ ላይ በተደረሰው ስምምነት ምሥራቃዊው የአገራቸው ክፍል ለሶቪየት ኅብረት ተላልፎ፣ የቀረው በሞስኮ በሚደገፍ አስተዳደር ሥር ወድቆ፣ ለንደን የተቀመጠው ስደተኛ መንግሥታቸውም በዚያው ዓመት የብሪታኒያን ዕውቅና አጥቶ ነበርና። ወደ አገር መመለስ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለመረዳት የስታኒስዋፍ ስካልስኪን ዕጣ ማየት ይበቃል፤ ይህ ስመ ጥር ተዋጊ አብራሪ በ1947 ተመልሶ በ1948 ታሰረ፣ በስለላ ተወንጅሎ ሞት ተፈረደበት፣ ፍርዱ ከተለወጠለት በኋላም እስከ 1956 ድረስ ከእስር አልወጣም።

ለመቅረት የወሰኑትን ለማስፈር ብሪታኒያ በ1946 የፖላንድ መልሶ ማቋቋሚያ ኮርን መሠረተች፤ ይህም ወታደሩን ለሁለት ዓመት ያህል በደመወዝ ይዞ ቋንቋና ሙያ እያስተማረ ወደ ሲቪል ኑሮ የሚያሸጋግር፣ ጦር የማይታጠቅ የጦር ክፍል ነበር፤ በ1947 የወጣው ሕግ ደግሞ መኖሪያን፣ ትምህርትንና ሕክምናን አከለበት። አብዛኞቹ ወደ ፋብሪካና ወደ ማዕድን ጉድጓድ ሲገቡ፣ ጥቂቶቹ በብሪታኒያ አየር ኃይል ለመቆየት ሲሉ ማዕረጋቸውን ዝቅ አድርገው ዳግም ተመዘገቡ። በ1943 ሁለት የተዋጊ አውሮፕላን ስኳድሮኖችን ያዘዘው ፍራንቺሼክ ኮርኒትስኪ፣ በኋላ በዚያው አየር ኃይል የምግብ አቅርቦት ክፍል አገልግሎ በ1972 ጡረታ ወጣ። ስለ ፖላንዳውያን አብራሪዎች የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ በ1940 በለንደን ሰማይ በተደረገው የአየር ውጊያ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ በባዕድ አገር ሥር የሰደዱት ግን በዚህ ዝናና ሽልማት በማያስገኝ ሥራ ነው።

የበረራ ማሠልጠኛውም የዚህ ሥራ አካል ሲሆን፣ በኖቲንግሃምሻየር ኒውተን የነበረው 16ኛው የፖላንድ የበረራ ትምህርት ቤት ኦክስፎርድ በተባሉ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች እስከ 1946 ድረስ አስተምሯል። ከዚያ በኋላ የመጣው የጄት ዘመን በብሪታኒያ አየር ኃይል ሥልጠና ላይ አዲስ አደጋ አመጣ። በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ግሎስተር ሜቲዮር ቲ-7 አስተማሪና ተማሪ ፊትና ኋላ የሚቀመጡበት ጄት ሲሆን፣ በአደጋ ጊዜ አብራሪውን አስፈንጥሮ የሚያወጣ መቀመጫ አልነበረውም። ሞተሮቹ በግራና በቀኝ ክንፎቹ ላይ ከአካሉ ርቀው የተተከሉ በመሆናቸው፣ አንዱ ሲጠፋ የሌላው ግፊት አውሮፕላኑን ወደ ጠፋው ሞተር ያዞረዋል፤ ይህንን የሚያቃናው በጅራቱ ላይ ያለው ቋሚ መሪ ኃይል የሚያገኘው ከሚነፍስበት አየር ስለሆነ፣ ፍጥነት ከተወሰነ መጠን ሲያንስ መሪው ይሰንፍና አውሮፕላኑ ይገለበጣል። ለማረፍ ሲዘጋጁ የአየር ፍሬኑን ሳይመልሱ ጎማ ማውረድም አውሮፕላኑን በድንገት ሊያስቆለቁለው ይችል ነበር። ሁሉም ተማሪ አንዱን ሞተር አጥፍቶ ማረፍን እንዲለማመድ ይገደድ ስለነበር፣ ልምምዱ ሊከላከለው ከታሰበው የሞተር ብልሽት ይልቅ ብዙ ሰው ጨረሰ፤ በአጠቃላይ ብሪታኒያ ከ800 በላይ ሜቲዮሮችን በአደጋ አጥታለች። ይህ ሁሉ የሆነው በሰላም ዘመን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ተማሪዎችን የገደለውን ይህንኑ የግፊት አለመመጣጠን ያኑሽ ዡራኮቭስኪ የተባለው ፖላንዳዊ የሙከራ አብራሪ በ1951 በፋርንቦሮው የአየር ትርኢት ላይ ሆን ብሎ ተጠቀመበት፤ ሜቲዮሩን ሽቅብ አቁሞ የአንዱን ሞተር ኃይል በመቀነስ እንደ ጋሪ ጎማ አሽከረከረው። እርሱም በ1952 ወደ ካናዳ ተሻግሮ በ1958 አቭሮ አሮው የተባለውን ጄት ለመጀመሪያ ጊዜ አበረረ፤ ፕሮጀክቱ በማግስቱ ዓመት ሲሰረዝ ከፖላንድ የመጡ ካሹባውያን ገበሬዎች ቀድመው በሰፈሩበት በኦንታሪዮዋ ባሪስ ቤይ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ከፍቶ እስከ ዕለተ ሞቱ እዚያው ኖረ።

በብሪታኒያ የቀሩት ግን ሙታናቸውን የሚዘክሩበት ሐውልት አላቸው። በኖርዞልት የጦር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ከለንደን ወደ ኦክስፎርድ በሚወስደው ጎዳና ዳር የቆመው የፖላንድ አየር ኃይል ሐውልት የተመረቀው በኖቬምበር 2 ቀን 1948፣ ማለትም ካቶሊካውያን ሙታንን በሚዘክሩበት ዕለት ነው። በመጀመሪያ የተቀረጹበት ከ1,200 በላይ ስሞች ግን የጦርነቱ ሰለባዎች ናቸው። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን መዝገብም በ1947 መጨረሻ ይዘጋል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ በማሠልጠኛ አውሮፕላን ተከስክሶ የሞተ ፖላንዳዊ የሚታሰበው ከ1948 ወዲህ በአገልግሎት ላይ ለሞቱት በ2007 በስታፎርድሻየር በተመረቀው የጦር ኃይሎች መታሰቢያ ነው፤ እዚያም ስሙ የሚሰፍረው በትውልድ አገሩ ሳይሆን ባገለገለበት የብሪታኒያ ጦር ክፍል ሥር ነው።