አያቴ ያላዩዋት መርከብ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ላይ በሽርሽር መርከብ ተጉዤ ነበር። «ተጉዤ ነበር» ማለቱም ያስተዛዝባል፤ የጉዞውን ገሚስ ያገባደድኩት በአውቶቡስ ነውና። በዚያ ሰሞን አውሮፓን ድርቅ መትቷት ስለ ነበር ራይን ጎድሎ፣ ካውብ በተባለችው ከተማ ያለው የውኃ መለኪያ ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች ያሳይ ነበር። ይህ ቁጥር የወንዙ ጥልቀት አይደለም፤ መርከብ የሚሄድበት መሥመር ከዚያ ይጠልቃል። ሆኖም የመርከብ አዛዦች ማለፍ አለማለፋቸውን የሚያሰሉት ከእርሱ ተነሥተው ነው። እኛንም ከነሻንጣችን በአውቶቡስ አሻግረው፣ በቂ ውኃ ባለበት ስፍራ በቆመ ሌላ መርከብ ላይ አሳፈሩን። አንድ አዛውንት ተሳፋሪ፣ «በዚህ በሠለጠነ ዘመን ወንዝ ጎደለ ተብሎ መንገድ ይቀራል?» እያሉ ሲማረሩ እኔን አያቴ ትዝ አሉኝ።

አያቴ በወጣትነታቸው በቅሎ ነጂ ነበሩ። ከጎሬ ቡና ጭነው ጋምቤላ ያራግፋሉ፤ ከጋምቤላ ጨውና አቡጀዲ ጭነው ይመለሳሉ። ልጅ ሳለሁ፣ «የእንግሊዞቹ መርከብ ምን ትመስላለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አላየኋትም» አሉኝ። ለዓመታት ጋምቤላ የተመላለሰ ሰው መርከቧን እንዴት አያያትም? ያን ጊዜ የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ካደግሁና ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባሮ የቢርቢርና የገባ ወንዞች ተጋጥመው የሚፈጥሩት፣ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ወንዝ ነው። ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባልና ማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። ከወንዞቻችን ሁሉ ከውጭው ዓለም ጋር በመደበኛ የመርከብ ጉዞ ያገናኘን እርሱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሜይ 15 ቀን 1902 (ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም.) ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ስምምነት በ4ኛው አንቀጹ፣ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ፈቀደ። ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይም እንዳይውል ተወሰነ። ጣቢያው ግን የቆመው ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ጋምቤላ ላይ ነው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ከ1904 እስከ 1935 የነበረውን የጋምቤላ ንግድ ራሱን በቻለ ጥናት መርምረውታል።

ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ያለው የወንዝ መንገድ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ መርከቦቹ በክረምት በወር ሁለት ጊዜ ይመላለሱ ነበር፤ ሽቅብ 11 ቀን፣ ቁልቁል 7 ቀን ይፈጅባቸዋል። «በክረምት» የምትለውን ቃል ልብ ይሏል። ባሮ ጋምቤላ ድረስ መርከብ የሚሸከመው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ውኃው ይሸሻል፤ አሸዋው ይገለጣል፤ በጊዜ ያልወጣ መርከብ ዕጣው እስከሚቀጥለው ክረምት ተቀርቅሮ መክረም ነው።

ቡናውስ? ቡና የሚለቀመው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከጎሬ ተነሥቶ ወደ 500 ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ጋምቤላ የሚያወርደው መንገድም ለበቅሎ የሚመቸው በበጋ ነው፤ በክረምት ጭቃውና የወንዞቹ ሙላት አያሳልፍም። እንግዲህ አስቡት፦ መንገዱ ሲከፈት ወንዙ ይዘጋል፤ ወንዙ ሲከፈት መንገዱ ይዘጋል። በቅሎና መርከብ ተላልፈው ይኖሩ ነበር ማለት ነው። አያቴ መርከቧን ያላዩዋት ስለዚህ ነው። እርሳቸው በታኅሣሥ ያራገፉት ቡና ላይ መርከቧ የምትደርሰው በሰኔ ወይም በሐምሌ ነበር።

በዚህ መካከል ያለውን ስድስት ወር ማን ይሸከመው? የጋምቤላ ታሪክ ፖለቲካ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በቅሎ ነጂው ኪራዩን ተቀብሎ ይመለሳል። ገበሬው ፍሬውን ሸጦ ግብሩን ይከፍላል። ውኃው እስኪሞላ ድረስ ቡናውን በመጋዘን አስቀምጦ፣ ገንዘቡን አስሮ፣ የካርቱምን ዋጋ እያዳመጠ መጠበቅ የሚችለው ግን ጥሪትና ብድር ያለው ነጋዴ ብቻ ነው። በጎሬና በጋምቤላ የከተሙት የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ጉልበትም በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነበር። ትርፉ ከመርከቧ ይልቅ በመጋዘኑ ውስጥ ነበር። እኛ መርከቡንም፣ መጋዘኑንም፣ ብድሩንም አልያዝንም፤ የያዝነው በቅሎውን ነበር።

በዚህ ላይ የዚያኑ ውል 3ኛ አንቀጽ ጨምሩበት። ምኒልክ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር አስቀድመው ሳይስማሙ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ እንዳያሠሩ ቃል ገቡ። አላጋንንም፤ በ1902 ባሮን የመገደብ ዐቅምም ዕቅድም አልነበረንም። ነገር ግን ሁለቱን አንቀጾች አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። 3ኛው አንቀጽ ስለ ውኃው ነው፤ 4ኛው በውኃው ላይ ስለምትንሳፈፈው መርከብ። እነርሱ የወንዙን መሙላትና መጉደል ዋናው ሀብት አድርገው ሲቆጥሩት፣ እኛ ወደቡን ቆጠርን።

የወደቡም ዕድሜ ረዥም አልሆነም። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ በኋላም የመኪና መንገድ የምዕራቡን ቡና ወደ መሐል አገር ሳበው። ባቡርና መኪና ሰኔን አይጠብቁም። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አብቅቶ ጋምቤላ ተመለሰችልን፤ መርከቧ ግን ከጊዜ በኋላ ቀረች።

ከ2023 ወዲህ ስለ ባሕር በር የሚደረገው ክርክር ሲጋጋል፣ ባሮን እንደ አንድ አማራጭ የሚያነሡ ወዳጆች ያጋጥሙኛል። አንዳንዶቹ፣ «ድሮ መርከብ ይገባ ነበር እኮ!» ይላሉ። አዎን፣ ይገባ ነበር፤ በዓመት አምስት ወር። ቀሪውን ሰባት ወር ጨምሩ ከተባለ ወንዙን ከላይ ገድቦ የክረምቱን ውኃ ለበጋ ማሳደር ግድ ይሆናል። «መገደብማ አሳይተናል» የሚለኝ አይጠፋም፤ 3ኛው አንቀጽ የጠቀሰውን ዓባይን ገድበን ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 መርቀናልና። ይህን ኩራት እኔም እጋራዋለሁ።

ይሁንና አንድ ጥያቄ አለኝ። ለመርከበኛው «ጎደለ» የሚባለው ባሮ ለአኙዋ ገበሬ ማሳው የሚገለጥበት ወቅት ነው። ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ላይ በወንዙ ዳር በቆሎ ይዘራል። ኑዌሮችም በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳሉ። የባሮን ከፍታ ዓመቱን ሙሉ እኩል እናድርገው ስንል የእነዚህን ሰዎች የዘር ወቅት በመርከብ ጊዜ ልንለውጠው ነው ማለት ነው። በ1902 ማንም አልጠየቃቸውም። ዛሬስ የሚጠይቃቸው አለ?

ይህን የምለው ወንዙ አይነካ ለማለት አይደለም። ወደብ ከመመኘታችን በፊት የወንዙን የቀን መቁጠሪያ እናንብብ፣ የበጋውን ጥበቃ ማን እንደሚሸከመው እንወስን፣ ዳርቻው ላይ የሚኖረውን ሰው እንጠይቅ ለማለት ነው። ራይንን የሚያህል፣ በመለኪያ የታጠረ ወንዝ እንኳ ጎድሎ ተሳፋሪውን በአውቶቡስ ጭኖ አይቻለሁ። የዚያች ቀን መጉላላት ለእኛ ለሽርሽረኞቹ የአንድ ከሰዓት በኋላ ቅሬታ ነበረች። የአያቴና የእኩዮቻቸው ግን የዕድሜ ልክ ኑሮ ነበር፦ ያላዩዋትን መርከብ ጭነት ማቅረብ።

ቸር ይግጠመን።